ደጃፍ ላይ ያለችው ውሻ

ባለፈው ፋሲካ አዲስ አበባ የምትኖር የአክስቴ ልጅ ደሴ መጥታ እኛ ዘንድ አራት ቀን ሰነበተች። ሶፋ ላይ የምትተኛ፣ ጠጉሯ በየቀኑ የሚበጠር ነጭ ቡችላ አለቻት፤ ስልኳም በቡችላዋ ፎቶ የተሞላ ነው። የኛዋ ዳማ በቆርቆሮ ጎጆዋ አጠገብ፣ ከግንቡ ሥር ተጠቅልላ ተኝታ ስታያት ፊቷ ተለወጠ። «እናንተ የወሎ ሰዎች ግን ውሻ አትወዱም አይደል?» አለችኝ። ቡናው እየተቀዳ ስለነበር ጨዋታው ወደ ሌላ አለፈ። ጥያቄዋ ግን ከዚያ ቀን ጀምሮ አልለቀቀኝም። ለሷም፣ እንደሷ ለሚያስበውም ሁሉ መልስ ልስጥ ብዬ ነው ይህን የምጽፈው።

እንወዳለን። የምንወደው ግን ከደጅ ነው። ውሻ ቤት አለማስገባት በኔ እምነት ነውር የለበትም፤ ነውሩ ደጅ ያስቀመጡትን ውሻ መርሳት ነው። በዚህ በኩል ደግሞ ዕዳ አለብን፤ ትልቁም ዕዳ ክትባት ነው። ወደሱ ከመድረሴ በፊት ግን ስለ ዳማና ስለ ጎረቤታችን ማውራት አለብኝ።

ዳማን ያገኘናት በ2010 ክረምት፣ ቦርከና ድልድይ አጠገብ ነው። ዝናቡ ሌሊቱን ሲወርድ አድሮ ወንዙ ደፍርሶ ይጋልባል። ከዳር፣ ቆሻሻ ከሚጣልበት ቦታ፣ ውኃ ጠጥቶ የላሸቀ የብስኩት ካርቶን ተቀምጧል። ውስጡ አራት ቡችሎች ነበሩ፤ ዓይናቸው ገና መገለጡ ነው። ሁለቱ ሞተዋል። ሦስተኛዋ እጄ ላይ እያለች አለፈች። አራተኛዋ ጣቴን ይዛ መጥባት ጀመረች። አራቱም ሴቶች ነበሩ። ወንድሞቻቸው ያን ጊዜ አንድ ግቢ ውስጥ ወተት እየተሰጣቸው እንደነበር አልጠራጠርም። ቡችላ ሊወስድ የመጣ ሰው መጀመሪያ የሚያየው ጾታዋን ነውና፤ ሴት ከሆነች «ትወልድብኛለች» ብሎ መልሶ ያስቀምጣታል። ጠጉሯ ሲደርቅ እንደ ዳማ ፈረስ ቀላ ያለ ቡናማ ሆኖ ወጣ፤ ስሟም በዚያው ጸና።

የውሻ ስም ካነሳሁ አይቀር አንድ ነገር ልጨምር። በኛ አገር የውሻ ስም ብዙ ጊዜ የሚወጣው ለውሻው ሳይሆን ለሰሚው ነው። ተሁለደሬ የነበሩት አያቴ ውሻቸውን «ሥራህ ያውጣህ» ብለውት ነበር። ከድንበርተኛቸው ጋር በመሬት ሲካሰሱ የወጣ ስም ነው። ማታ ማታ ከአጥሩ ጥግ ቆመው «ሥራህ ያውጣህ! ና!» ብለው ሲጣሩ መልእክቱ ለማን እንደሆነ መንደሩ በሙሉ ያውቀዋል። ውሻውም ስሙን ሰምቶ ጭራውን እየቆላ ይመጣል። ክርክሩ በሽምግልና ካለቀ በኋላ እንኳ ስሙ አልተቀየረም፤ ድንበርተኛውም በመጨረሻ በዚያው ስም እየጠሩት አጥንት ይወረውሩለት ነበር።

ወደ ጎረቤታችን ልመለስ። ግንብ የምንጋራቸው፣ ዕድሜያቸው ሰባን የተሻገረ እናት ናቸው። በሃይማኖታቸው የጸኑ ናቸው፤ ሶላት አያልፋቸውም፣ ሰኞና ሐሙስ ይጾማሉ። ቡና ስንጠራቸው ከበሩ ቆም ብለው «ልጄ፣ ዳማን ያዝልኝ፣ ውዱእ አለኝ» ይላሉ፤ ለሶላት ታጥቤያለሁ ማለታቸው ነው። እይዝላቸዋለሁ፤ ቀሚሳቸውን ሰብሰብ አድርገው ያልፋሉ። ቡችላ ሳለች ጫፉን ልትይዝ ስትዘል እጃቸውን ወደ ላይ አንስተው «ተይኝ እናቴ፣ ተይኝ ማሬ» ይሏት ነበር። የሚጠላ ሰው እንዲህ ያለ ድምፅ አያወጣም።

የውሻ ምራቅ የነካው ዕቃ ሰባት ጊዜ፣ ከሰባቱም አንዱን በአፈር መታጠብ እንዳለበት ያስተማሩኝ እሳቸው ናቸው። ስለዚህ ለዳማ የብቻዋ ዕቃ አዘጋጁላት። አንዱ ከተሰበረ የሸክላ ድስት የቀረ ጎድጓዳ ገል ነው፤ ሌላው አፉ የተሸረፈ የፕላስቲክ ጣሳ። ሁለቱም የሚቀመጡት ከበራቸው በስተግራ፣ ግንቦቻችን ከሚጋጠሙበት ሥር ነው። ከሱብሂ ሶላት በኋላ መጀመሪያ ጣሳው ውስጥ ውኃ ይሞላሉ፤ ትናንት የተረፈውን ውኃ ደፍተው፣ ዕቃውን ሳይነኩ ከማንቆርቆሪያው ከላይ ያወርዱታል። ከዚያ ገሉ ላይ የገንፎ ቅራፊ፣ ወይም የንፍሮ ትራፊ፣ ወይም ደረቅ እንጀራ በሽሮ አርሰው ያደርጋሉ። ቀና ሳይሉ «ብይ» ይሏታል። ዳማ የሳቸው እግር ሦስት እርምጃ እስኪርቅ ቁጭ ብላ ትጠብቃለች። ማንም አላስተማራትም። አረፋ በደረሰ ቁጥር የሷ ድርሻ አጥንት በላስቲክ ተቋጥሮ ይመጣል።

አንድ ዓርብ ከቁርኣን ሱረቱል ከህፍን፣ የዋሻውን ምዕራፍ፣ አንብበው ሲነሱ ጠየቅኳቸው፤ ውሻ ይከለከል የለም ወይ፣ እርስዎ ለምን እንዲህ ይደክማሉ አልኳቸው። «የዋሻውን ሰዎች ታሪክ ታውቀዋለህ?» አሉኝ። «ውሻቸው ከደጃፉ ላይ ክንዱን ዘርግቶ ነው የተኛው። አልገባም። ሰዎቹ ሲቆጠሩ ግን እሱም ይቆጠራል፤ ሰባት ናቸው፣ ስምንተኛቸው ውሻቸው ነው ይባላል። ደጃፍ ላይ ያለ ከቁጥር አይጎድልም ልጄ።» የተጠማ ውሻ አይታ ከጉድጓድ በጫማዋ ውኃ ቀድታ ስላጠጣችው ኃጢአቷ ስለተማረላት ሴት የሚነገረውንም ሐዲስ ከሳቸው ነው የሰማሁት።

እኛም ክርስቲያኖቹ ከዚህ የራቅን አይደለንም። ውሻ ቤተ ክርስቲያን ቅጥር ሲገባ ዲያቆኑ ያስወጣዋል፤ አልጋ ላይ የሚያወጣው ሰው የለም ማለት ይቻላል። በመጽሐፈ ጦቢት ግን የጦቢት ልጅ ከመልአኩ ሩፋኤል ጋር ሩቅ መንገድ ሲወጣ ውሻቸው ተከትሏቸው ይሄዳል፤ ተከትሏቸውም ይመለሳል። የአልዓዛርን ቁስል የላሱት እነማን እንደነበሩም ወንጌሉ ይናገራል። ጎረቤታችን ስለ ዋሻው ሰዎች ሲነግሩኝ እናቴ አጠገቤ ነበረች፤ እኛም ሰባቱ የኤፌሶን ልጆች እንላቸዋለን አለች። ሁለቱ ሴቶች በዚያው በጨዋታ ቀሩ። ቡናው ከአወል አልፎ ቶና፣ ከቶና አልፎ በረካ ደረሰ። ዳማ በሩ ላይ ተኝታ ነበር።

ድመትን ያላነሳሁት ስለሷ ክርክር ስለሌለ ነው። ድመት ወሎ ውስጥ በሁለቱም ቤት ምድጃ አጠገብ ትተኛለች፤ ጎታው ሥር አይጥ እስካደነች ድረስ የሚነካት የለም። ሙግቱ ያለው ከውሻ ላይ ነው።

ደሴ ከጦሳ ሥር፣ 2,500 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ የተቀመጠች ከተማ ናት። ኅዳርና ታኅሣሥ ብርዱ አጥንት ይሰብራል። ሌሊት ጅብ ከተራራው ወርዶ በመንገዱ ይንጎራደዳል፤ በግና ዶሮ ያለው ሰው እንቅልፉ የውሻው ጩኸት ነው። እኛ በወፍራም ብርድ ልብስ ውስጥ ሆነን «ዝም በይ!» የምንላት እንስሳ ያን ሁሉ ሌሊት ውርጭ ላይ ቆማ ታድራለች። ለእንዲህ ያለ አገልግሎት የደረቀ ጎጆና ሥሩ የተነጠፈ ጆንያ ሲያንስ ነው። የቆርቆሮው ጎጆ ከመሬት በድንጋይ ከፍ ካላለ ክረምት ውኃ ይገባዋል፤ ዳማ ሁለት ክረምት ከተሰቃየች በኋላ ነው ይህን ያወቅሁት።

በ2014 ጥቅምት ጦርነቱ ደሴ ሲደርስ እንደ ብዙው ሰው እኛም የቻልነውን ይዘን ወጣን። የተሳፈርንበት መኪና ላይ ለሰው እንኳ ቦታ አልነበረም። ዳማን ከሰንሰለቷ ፈታኋት፤ በሩን ገርበብ አድርጌ ተውኩት። እስከ ዋናው መንገድ ተከተለችን። ጎረቤታችን ግን «በዚህ ዕድሜዬ ወዴት ልሂድ? ቤቴ ይቅበረኝ» ብለው ቀሩ። ደብረ ብርሃን በቆየንባቸው ሳምንታት የሰው ነገር ብዙ ስለነበር ስለ ውሻ ማንሳት ያሳፍር ነበር። እኔ ግን ማታ ስተኛ በመኪናው መስኮት በኩል ያየኋት ትዝ ትለኝ ነበር፤ አስፋልቱ ዳር ቁጭ ብላ።

ታኅሣሥ ላይ ተመለስን። የግቢያችን በር ተሰብሯል፤ ቤቱ ውስጥ የቀረ ነገር ጥቂት ነው። ዳማ ግቢያችን ውስጥ አልነበረችም። ጎረቤታችን ደጃፍ ላይ ክንዷን ዘርግታ ተኝታለች። ጎኗ ተቆጥሮ ነበር፤ ቢሆንም ቆማለች። እኚያ እናት እንዴት አደረጓት ስንላቸው፣ «እኔ ስበላ በላች፣ እኔ ስጾም ጾመች» አሉን። «ማታ ማታ እዚህ ትተኛለች። ኮቴ ስትሰማ ታጉረመርማለች። ከሷ ሌላ ማን ነበረኝ?» በዚያ ሁሉ ጊዜ አንድም ቀን በእጃቸው አልነኳትም። ለአክስቴ ልጅ ልነግራት ፈልጌ በቡናው ጨዋታ መካከል ያልመጣልኝ ይህ ነበር።

ይህን ብዬ ግን ሁላችንም እንደሳቸው ነን አልልም፤ አይደለንምና። ቀኑን ሙሉ በአንድ ሜትር ሰንሰለት፣ ፀሐይ ላይ፣ ያለ ውኃ የሚውል ውሻ በየሰፈሩ አለ። ደፋር ይሆናል ብለው የቡችላ ጆሮ በምላጭ የሚቆርጡ አሉ፤ ተናካሽ ይሆናል ብለው በርበሬ የሚያበሉም አሉ። ውሻ በሰንሰለት ብዛት ተናካሽ ከሆነ በኋላ ገመዱን በጥሶ የጎረቤት ልጅ ሲነክስ «የኔ አይደለም» የሚባልበትም ጊዜ አለ። ይህ ሁሉ ያናድደኛል። ከዚህ ሁሉ በላይ የሚያስፈራኝ ግን ሳይከተቡ የሚኖሩት ናቸው።

ስለ የእብድ ውሻ በሽታ በዝርዝር መናገር ያስፈልጋል፤ ሁላችንም የምናውቀው ይመስለናል እንጂ የምናውቀው ስሙን ነው። ቫይረሱ በምራቅ ውስጥ ይኖራል፤ በንክሻ ቁስል ይገባና በነርቭ መስመር ቀስ እያለ ወደ አንጎል ይጓዛል። ጉዞው አብዛኛውን ጊዜ ሁለትና ሦስት ወር ይወስዳል። ቁስሉ ድኖ፣ ሰው ረስቶት ሳለ ነው የሚነሳው። ምልክቱ አንዴ ከታየ፣ ውኃ መፍራቱ፣ መቃዠቱ ከጀመረ፣ የሚመልሰው መድኃኒት የለም ማለት ይቻላል። የዓለም ጤና ድርጅት በዓመት 59,000 ገደማ ሰው በዚህ በሽታ እንደሚሞት ይገምታል፤ አብዛኛው በአፍሪካና በእስያ ነው። ሰው ላይ ከሚደርሰው 99 በመቶው የሚመጣው በውሻ ነው። ከሚነከሱት ከአሥሩ አራቱ ያህል ዕድሜያቸው ከ15 ዓመት በታች የሆኑ ልጆች ናቸው። ልጅ ውሻ ያጫውታል፣ ልጅ ሮጦ ያስሮጣል፣ ልጅ ሲነከስ ቁጣ ፈርቶ ይደብቃል።

የመጨረሻው ቤታችን ውስጥ ደርሷል። የአጎቴ ልጅ ሰባት ዓመቱ ሳለ ሐይቅ ከተማ ዳር የማይታወቅ ውሻ ባቱን ነከሰው። ሱሪውን ጎትቶ ሸፍኖት ገባ። ማታ አያቴ እግሩን ሊያጥቡት ሲሉ አዩ። አልጮኹም፣ አልተቆጡትም። የልብስ ሳሙና አምጥተው፣ ውኃ ከላይ እያስፈሰሱ፣ ልጁ እስኪያለቅስ ደጋግመው አጠቡት። ያኔ የገጠር እናት ዕውቀት መስሎኝ ነበር፤ ዛሬ ሐኪሞች በምክራቸው መጀመሪያ የሚያስቀምጡት ያንኑ ነው፤ ቁስሉን በሚፈስ ውኃና በሳሙና ለ15 ደቂቃ ማጠብ። በማግስቱ ጸበል ይወሰድ ወይስ ሆስፒታል የሚል ክርክር ተነሳ። አያቴ «ጸበሉም ይደርሳል፤ መርፌው ይቅደም» አሉ። ደሴ አምጥተውት ለሁለት ሳምንት ያህል በየቀኑ ሆዱ ላይ ተወጋ። ዛሬ የሦስት ልጆች አባት ነው። ውሻው ግን ከሱ በኋላ ሁለት ላምና አንድ አህያ ነክሶ ነበር። ላሞቹ ከሳምንታት በኋላ አረፋ እየደፈቁ፣ በባዶ እያገሱ ሞቱ። የአንድ ቤተሰብ ጥሪት ነው የሞተው።

ለዚህ ሁሉ መከላከያው ከ1885 እ.ኤ.አ. ጀምሮ በሰው እጅ አለ። ሉዊ ፓስተር አንድ የተነከሰ የዘጠኝ ዓመት ልጅ ከትቦ ካዳነ ከ140 ዓመት በላይ ሆነ። ለውሻ የሚሰጠው ክትባት ቡችላ ሦስት ወር ሲሞላው አንድ መርፌ፣ ከዚያም በየጊዜው መድገም ነው። በአንድ አካባቢ ካሉት ውሾች 70 በመቶው ከተከተቡ በሽታው መተላለፊያ ያጣል። ሁሉንም ውሻ ይዞ መከተብ የግድ አይደለም፤ ከአሥሩ ሰባት በቂ ነው።

በዚህ ፈንታ የምናደርገውን ደግሞ በዓይኔ አይቻለሁ። ስሟን የማልጠራት አንዲት ከተማ ለሥራ አድሬ ጠዋት ስወጣ በመንገዱ ዳርና ዳር ውሾች ተዘርረዋል፤ ሌሊት የተመረዘ ሥጋ ተበትኖላቸው ነው። አንዷ አረፋ ባፏ እየወጣ እግሯ ገና ይንፈራገጣል፤ አንገቷ ላይ የጨርቅ ማሰሪያ ነበረ። የሰው ውሻ ናት። ምናልባትም የተከተበች ናት። ትምህርት ቤት የሚሄዱ ልጆች ቆመው ያዩዋት ነበር። ይህ ዓይነቱ ዘመቻ የእብድ ውሻ በሽታን እንደማያጠፋ የዓለም ጤና ድርጅት ደጋግሞ ተናግሯል። ምክንያቱም ግልጽ ነው። የሞቱት ቦታ ባዶ አይቀርም፤ ቆሻሻው እስካለ ድረስ ከሌላ ሰፈር ያልተከተበ ውሻ መጥቶ ይይዘዋል። የተከተበ ውሻ ግን ቦታውን ይዞ ይኖራል፤ ባዕድ ውሻም አያስገባም።

እስካሁን ያወራሁት ስለ ሰውና ስለ ከብት ነው። ነገሩ ከዚያም ከፍ ያለ ቦታ እንደሚደርስ ያየሁት በ2015 ጥምቀትን ላሊበላ አክብሬ፣ ከበዓሉ በኋላ ከአንድ የአገሩ አስጎብኚ ጋር አቡነ ዮሴፍ ተራራን ስወጣ ነው። ላሊበላን የሚያይ ሰው ብዙ ነው፤ ቀና ብሎ ከበላዩ ያለውን ተራራ የሚወጣ ጥቂት ነው። ጫፉ ከ4,200 ሜትር ያልፋል። ገብሱ እየሳሳ ሄዶ ሳሩ ይጀምራል፤ ከሳሩ መካከል ጅብራው እንደ ሰው ቆሞ ይታያል፤ ጭላዳው በገደሉ አፋፍ ቁጭ ብሎ ሳር ይነጫል። ሌሊቱን በውርጭ አድረን ገና ፀሐይ ስትወጣ አስጎብኚው ትከሻዬን ያዘና በአገጩ አመለከተኝ።

ቀይ ቀበሮ ነበር። ብቻውን። እግሩ ረጃጅም፣ አፉ ሹል፣ ደረቱና ጉሮሮው ነጭ፣ ቀሪው እንደ ዳማ ቀይ። ጆሮውን ወደ ፊት አቅንቶ መሬቱን ያዳምጣል። አንድ እርምጃ፣ ቆም፤ አንድ እርምጃ፣ ቆም። ከዚያ ሁለት የፊት እግሩን ሰብስቦ ዘለለና ከሳሩ ውስጥ አይጥ አወጣ። ሁሉ ነገሩ ዳማ ግቢያችን ውስጥ ጢንዚዛ ስታድን እንደምታደርገው ነው። ይህ እንስሳ ከኢትዮጵያ ውጭ የትም የለም። በዓለም ያለው ቁጥር ከ500 አይበልጥም፤ ከነዚህም ጥቂቶቹ ሰሜን ወሎ አቡነ ዮሴፍ ላይ፣ ሌሎች ጥቂቶች ደግሞ ደቡብ ወሎ ቦረና ሳይንት ይኖራሉ።

ከታች የእረኛ ውሻ ጮኸ። ቀበሮው ቀና ብሎ አየና በአፋፉ ተሻግሮ ጠፋ። አስጎብኚው «እኛ የምንፈራው ጥይት አይደለም፤ እሱን ነው» አለኝ፤ ውሻውን ማለቱ ነበር። የእብድ ውሻ በሽታ ከመንደር ውሻ ወደ ቀበሮ ሲሻገር በአንድ ሸለቆ ያለውን መንጋ ይጠርጋል። በ2003 እ.ኤ.አ. ባሌ ውስጥ ዌብ ሸለቆ በተነሳ ወረርሽኝ በሸለቆው ከነበሩት ቀበሮዎች ሦስት አራተኛ ያህሉ አልቀዋል። ባሌ ብዙ ስላለው ቀስ ብሎ አገገመ። ወሎ ተራሮች ላይ ያለው ግን ጥቂት ነው፤ እንዲህ ያለ ወረርሽኝ ቢገባ የሚተርፍ ላይኖር ይችላል። «ውሻ በቀደደው ጅብ ይገባል» ይላል የአገራችን ሰው። እዚያ ተራራ ላይ ተረቱ ሌላ ትርጉም ሰጠኝ። ገበሬውም በእርሻው፣ እረኛውም በበጉ ወደ ላይ በወጣ ቁጥር ውሻው አብሮ ይወጣል። ገበሬውን አትውጣ ማለት አይቻልም፤ መሬት የለውም። ውሻውን መከተብ ግን ይቻላል፤ በባሌም በሌሎቹም የቀበሮ ተራሮች በሺዎች የሚቆጠሩ ውሾች እየተከተቡ ነው።

ታዲያ ወሎ ውስጥ ምን ጎደለን? ባለሙያ አለን። ወሎ ዩኒቨርሲቲ የእንስሳት ሕክምና ያስተምራል፤ ኮምቦልቻ የእንስሳት በሽታ ላቦራቶሪ አለ። የጎደለው ጥሪው ነው። የእንስሳት ክሊኒክ ክትባት መጣ ሲል በአንድ በር ላይ ወረቀት ይለጥፋል፤ ወረቀቱን የሚያየው በዚያ ያለፈ ብቻ ነው። እኛ ደግሞ በየሰፈሩ ቅሬ አለን። ቅሬ ሰው ሲሞት በአንድ ሰዓት ውስጥ ሰፈሩን ሁሉ ይሰበስባል፤ ሙስሊሙን ለክርስቲያኑ፣ ክርስቲያኑን ለሙስሊሙ ቀብር ያወጣል። ያው ጡሩምባ በዓመት አንድ ቀን ለውሻ ክትባት ቢነፋ ምን ይለዋል? ከጁምዓ ሶላት በኋላ ኢማሙ፣ ከቅዳሴ በኋላ አባ አንድ ቃል ቢናገሩ ከማንኛውም ወረቀት ይበልጣል።

ቀኑም አለ። የዓለም የእብድ ውሻ በሽታ ቀን በየዓመቱ መስከረም 18 አካባቢ ይውላል፤ ፓስተር የሞተበት ቀን ነው። ከመስቀል ማግስት ማለት ነው። ያን ሰሞን ሰው ከየአገሩ ቤተሰቡ ዘንድ ይመጣል፤ ጎረምሳው ሁሉ ሰፈር ውስጥ ነው፤ ውሻ የሚይዝ ክንድ አይጠፋም። ለሴት ቡችሎችም እንዳትወልድ የማድረጉ ቀዶ ሕክምና ከክትባቱ ጋር ቢታሰብ የቦርከናው ካርቶን ይቀራል። ይህን ለማዘጋጀት የሚበዛ ገንዘብ አይመስለኝም የሚያስፈልገው። ከሰፈራችን ቅሬ ዳኛ ጋር አንስቼው ነበር፤ «ለውሻ ጡሩምባ ካስነፋሁ ሰው ይስቅብኛል» አሉኝ። ይሳቅ፤ የሚስቀውም ቢሆን ውሻውን ይዞ ይመጣል አልኳቸው። እስቲ በስብሰባ እናየዋለን ብለዋል፤ እስኪያዩት ድረስ መጠየቄን አላቆምም።

ዘንድሮ ዳማን ለክትባት የወሰድኳት ሐሙስ ቀን ነው። አርጅታለች፤ አፍንጫዋ ዙሪያ ሸብቷል፤ ዳገቱን ስንወጣ ሁለት ጊዜ ቁጭ አለች። ልወጣ ስል ጎረቤታችን ከበራቸው ጠሩኝ። ጾም ላይ ነበሩ። ከሻሻቸው ጫፍ የቋጠሩትን ፈተው ሁለት የታጠፈ መቶ ብር አወጡና ዘረጉልኝ። አያስፈልግም እናቴ፣ አለኝ አልኳቸው። ወደ ኋላ አንድ እርምጃ ራቅ ብለው፣ ቀሚሳቸውን ሰብሰብ አድርገው ዳማን አዩዋት፤ እሷም ቁጭ ብላ ታያቸዋለች።

«ያዘው ልጄ» አሉኝ። «እኔም እኮ ድርሻ አለኝ።»